የአማቷ ኪምቺ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሱኒም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትሽ እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሻል? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለሽ በአንድ መስመር ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ከንክኖኛል። ዕድሜሽን ሙሉ የጀርመኖችን የደም ግፊት ስትለኪ ኖረሽ የራስሽን ለማስለካት ስትለግሚ አይገባኝም። ባልሽ ዲትማር እንዴት ነው? ወገቡ ተሻለው? ልጅሽን ዩናን አዲሱ ሥራ እንዴት ይዟታል? ትንሹ ሉካስ አሁንም ሩዙን በስኳር ነው የሚበላው? እዚያ በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ መጣል ጀመረ ሲሉ በቴሌቪዥን ሰምቻለሁ። ጫማሽን አስቢበት፤ በዚህ ዕድሜ አንድ መንሸራተት ብዙ ያስተኛል።

እኛ ደህና ነን። በመከር በዓል ከወንድማችን ከዶንግሱ ጋር ሄደን የአባታችንንና የእናታችንን መቃብር ሣር አጭደናል። ዶንግሱ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ግማሹን ለእኔ ትቶ ከጥዱ ሥር ተቀመጠና እዚህ ጋ ቀርቶሻል፣ እዚያ ጋ ዘለልሽ እያለ አሠራኝ። ምንም አልተለወጠም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከጋዜጣው በጡረታ ከወጣሽ በኋላ አርፈሽ መቀመጥ ሲገባሽ የሰው ቤት ጠብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስልሽ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ባለፈው ወር የሆነውን እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ አንቺው ፍረጂ። አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ፦ ይህን ደብዳቤ እሑድ ከጸሎት በኋላ ለሚሰበሰቡት ያገራችን ሴቶች እንዳታነቢላቸው። ከእነሱ ውስጥ በዚህ ባሕር ዳርቻ ዘመድ የሌላት የለችም። የሴትዮዋን፣ የልጇን፣ የባሏንና የአማቷን ስም ለውጫለሁ፤ ደሴታቸውንም አልጠራም። የቀረው እንደሆነው ነው።

ማኅበራችን ትንሽ ነው። ቢሮው በገበያው መንገድ፣ ከዓሣ መረብ መሸጫው በላይ ነው፤ ታፔላ አለው፤ ማንም ሰው ደረጃውን ወጥቶ ሊገባ ይችላል። ባሎቻቸው የሚደበድቧቸው ሴቶች ይደውላሉ ወይም ራሳቸው ይመጣሉ። አብረናቸው ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ፍርድ ቤት አጠገባቸው እንቀመጣለን። ወደ ቤታቸው መመለስ ለማይችሉት ደግሞ ሌላ ቤት አለ። ያኛው ታፔላ የለውም። ከሚረዱን ሰዎች አንዱም የት እንደሆነ አያውቅም። ደንባችን አንድ ነው፦ ማንም መጥቶ እገሊት እናንተ ዘንድ ናት ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ አለችም የለችምም አንልም። አባት ይጠይቅ፣ ወንድም ይጠይቅ፣ ቄስ ይጠይቅ፣ መልሱ ያው ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ስልክ እመልሳለሁ፤ ለአውራጃው የሚላከውን ሪፖርትም እጽፋለሁ። እዚህ ጥሩ ዓረፍተ ነገር የሚባለው ማንንም የማያሳይ ዓረፍተ ነገር ነው። ከድሮው ሥራዬ የሚለየው ይኸው ነው።

ዮንጁ የመጣችው በጸደይ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጇን ሶዳምን ይዛ። ባሏ ቴሺክ የሚበላ የባሕር ሣር የሚያለማ፣ የራሱ ጀልባ ያለው፣ በደሴቲቱ የተከበረ ሰው ነው። ጠጥቶም ሳይጠጣም ይመታት ነበር። አንድ ጊዜ የእጅ አንጓዋን ሰበረው። እናቱ ማልሱን በዚያው ቤት ከቀጭን ግድግዳ ማዶ ትኖራለች። ዮንጁ ታሪኳን ስትነግረን ስለ ባሏ ያወራችው ጥቂት ነው፤ ያ ሐኪሙ በጻፈው ወረቀት ላይ አለ። ስለ አማቷ ግን እንዲህ አለች፦ «ትሰማለች፤ ሰምታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች። አንጓዬ የተሰበረ ዕለት ሾርባ ሠርታ በማንኪያ አጎረሰችኝ። ምን ሆንሽ ግን አላለችኝም።»

ፍርድ ቤቱ ቴሺክ እንዳይቀርባት አግዶታል። ዕግድ ወረቀት ነው፤ እሷን የጠበቃት የት እንዳለች አለማወቁ ነው። ሶዳም እዚህ ትምህርት ቤት ገብታ ወራት ሙሉ አፏን አልከፈተችም። አስተማሪዋ መስማት የተሳናት መስሏት ነበር። በመከር ላይ ከጎማ ጠጋኙ ሴት ልጅ ጋር ጓደኛ ሆነችና አንድ ቀን ድንገት ማውራት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ አስተማሪዋ ዝም በይ እስከማለት ደረሰች። ዮንጁ ይህን ቁጣ ስትነግረን እንደ ሽልማት አድርጋ ነበር።

የብርድ ወራቱን ኪምቺ፣ ጎመኑን በጨውና በበርበሬ ለውሰን የምናቆየውን፣ የምንሠራው በኅዳር ነው። በዙሪያችን ያሉ መንደሮች ጥቅል ጎመን ይሰጡናል፤ ጨው የሚሰጥ አለ፣ በርበሬ የሚሰጥ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግቢ ሠርተን ከፊሉን ለመጠለያው እናስቀራለን፤ ከፊሉን ምስጋና ይሁን ብለን ለሰጡን መንደሮች የአረጋውያን አዳራሽ እንልካለን። በጎ ፈቃደኞቹም የመጠለያው ሴቶችም አንድ ዓይነት ሽርጥ፣ አንድ ዓይነት ቆብ፣ አንድ ዓይነት ጭንብል ያደርጋሉ። ማን ከየት እንደመጣች አይለይም። ፎቶ የሚነሣው እጅ ብቻ ነው፤ እሱም ጓንት ያጠለቀ እጅ።

ዘንድሮ ሥራው ሳይጋመስ የሩዝ አጥሚቱ አለቀ። በርበሬውን የሚያጣብቀው እሱ ስለሆነ ሁሉም ቆመ። ያኔ ዮንጁ በቀስታ «ገብስ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ገብስ ለምንሽ ነው? ልትጠምቂልን ነው?» አለቻት የመረብ ሻጩ ሚስት፤ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

ዮንጁ የገብስ አጥሚት አበጀች። ረጅሙን የብር መልክ ያለውን ዓሣ ከነአጥንቱ ከትፋ ጨመረችበት። ጥቁር አረንጓዴ የባሕር ሣርም ከተፈችበት። ጨው ሊጨምሩላት ሲሉ «በቃ፣ በቃ፣ አይብዛ» ብላ ገንዳውን በክንዷ ጋረደችው። ጎመኑን ከለወሰች በኋላ የውጭውን ቅጠል አግድም ጠቅልላ፣ እያንዳንዱን ጥቅል በሽንኩርት ቅጠል እንደ መቀነት አሰረችው። የመረብ ሻጩ ሚስት ከዳር አንድ ቅጠል ቀነጠሰች፣ ጎረሰች፣ አኘከችና «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን የመሰለ እጅ የት ደብቀሽው ነበር?» አለች። ዮንጁ ከት ብላ ሳቀች። የማኅበሩ ኃላፊ ወይዘሮ ሚን፣ ይህች ልጅ ስትስቅ ዛሬ ገና አየኋት አለችኝ። የሷ ገንዳ የሞላቸው ጣሳዎች ከሌሎቹ ጋር ተጭነው ወደየመንደሩ ሄዱ።

ስንት ነገር እንደምንጠነቀቅ ነግሬሻለሁ። ጣዕሙን ግን ማናችንም አላሰብነውም። እዚህ አንዲት ምራት ኪምቺ የምትማረው ከአማቷ ነው፤ አማቲቱም ከአማቷ። የአንዱ ቤት ከሌላው ይለያል፤ አሮጊቶቹ አንድ ቁራጭ ቀምሰው የማን ቤት እንደሆነ ሲናገሩ ልጆች ሆነን ስንሰማ ነው ያደግነው። አንቺ አማትሽ ድንች ብቻ የምትቀቅል ስለሆነች አመለጥሽ። እኛ ግን እዚሁ ኖረን፣ ይህንኑ እያወቅን፣ አንዲት ሴትን ከዓለም ሁሉ ደብቀን የእጇን ጣዕም በጣሳ አድርገን በየመንደሩ ላክነው።

ከመንደሮቹ አንዷን ሶሞክ እንበላት። የማልሱን ታናሽ እህት እዚያ ተድራ ትኖራለች። ዮንጁ ይህን አታውቅም ነበር፤ እህትማማቾቹ በአባታቸው መሬት ተጣልተው ለዓመታት ስማቸውን አይጠራሩም ነበርና። ዘንድሮ ታረቁ። ማልሱን ጉልበቷን ለመታከም ወደ እህቷ መጥታ ከረመች፤ ከሕክምና መልስ የአዳራሹ ሞቃት ወለል ላይ ከመንደሩ አሮጊቶች ጋር ካርታ ስትጫወት ትውላለች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ የእኛ ኪምቺ ተቆርጦ ቀረበላት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሐምራዊ የጥጥ ካፖርት የለበሰች አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፈች ገባችና በሩ ላይ ቆማ ተነፈሰች።

«ደረጃችሁ» አለች፣ «ከባል የተረፈችውን እዚሁ የሚጨርሳት ነው።»

ወንበር ሰጠኋት፤ ሙቅ ውኃ ቀዳሁላት። ጠጥታ ስትጨርስ «ትናንት የራሴን ኪምቺ በላሁ» አለችኝ። «እኔ አልሠራሁትም። ግን የእኔ ነው። ገብሱ የእኔ ነው። ዓሣው ከነአጥንቱ የእኔ ነው። በሽንኩርት ቅጠል የምታስር ሌላ ሴት በዚህ ባሕር ዳር ካለች አምጡልኝና ልያት። እኔ ይህን ያሳየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ። ሁልጊዜ የምለውን አልኩ፦ «እማማ፣ እኛ ዘንድ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አንናገርም።»

«ጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«እንግዲያው አትመልሺ። ፊትሽ ደግሞ የግብር ሰብሳቢ ፊት ነው።»

ከዚያ ተቀምጣ ቆየች። አንድ ጊዜ «ጨው አንሶታል፤ ድሮም ጨው ትፈራለች» አለች፤ የማንን ስም እንደማትጠራ ልብ አልኩ። ሌላ ጊዜ ወደ መስኮቱ እያየች «የትንሿ ልጅ የፊት ጥርስ በቅሎ ይሆን?» አለች። አልመለስኩላትም፤ እሷም አልጠበቀችኝም። ልትነሣ ስትል እንዲህ አለች፦ «እሱ ልጄ ነው። ሌላ የለኝም። እዚህ ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ወልጄዋለሁ። ሐሙስ ሊወስደኝ ይመጣል። እህቴ ምሳውን በአዳራሹ ነው የምታበላው። ይህን ኪምቺ ደግሞ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ በልቶታል።» ይህን ብላ ደረጃውን በጎኗ እየወረደች ሄደች።

ለወይዘሮ ሚን ቃል በቃል ነገርኳት። ወይዘሮ ሚን «ዛቻ ነው» አለች። እኔ ዛቻ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አልጨመርኩበትም፤ ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም ነበር። ጣሳውን ከሶሞክ ማስመለስ አሰብን። ግን የሰጡትን ኪምቺ መልሱልን ማለት በዚህ አገር ተሰምቶ አያውቅም፤ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሌላ ወሬ አይኖረውም፣ ምክንያቱንም መናገር አንችልም። ስለዚህ የቀረው ዮንጁንና ልጇን ከዚህ ማራቅ ነበር። ሌላ ከተማ ያለ መጠለያ ከዓርብ በፊት ቦታ የለኝም አለ። ዓርብ ጠዋት ይሂዱ ተባለ። እስከዚያ ዮንጁ ከቤት አትወጣም፣ ሶዳም ትምህርት ቤት አትሄድም።

ለዮንጁ የነገርናት ሁለታችን አብረን ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችን። ስንጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስለ ጣዕሙ ምን አለች?» ብላ ነው።

«ጨው አንሶታል ብላለች» አልኳት።

«ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ነው የምትለው» አለች።

ወይዘሮ ሚን «አንቺ ታውቂያታለሽ። ለልጇ ትነግረዋለች?» ብላ ጠየቀቻት። ዮንጁም «እኔን በሚመለከት አፏን ከፍታ አታውቅም» አለች። «ድሮ ያ ጎዳኝ። አሁን ይጥቀመኝ ይጉዳኝ አላውቅም።»

ማክሰኞ ቦርሳው ሲዘጋጅ ሶዳም አየች። «ለጓደኛዬ ልንገራት?» አለች። እናቷ አይሆንም አለቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እንደ ጸደዩ ጊዜ ዝም አለች። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሲጠሯት ዞራ ታያለች እንጂ አትመልስም። ዮንጁን ከባሏ መምጣት ይልቅ ያስፈራት ይህ እንደነበረ በኋላ ነግራኛለች። አንድ ጊዜ ያን ዝምታ ከፍተነዋል፣ ሁለተኛ ላይከፈት ይችላል ነው ያለችኝ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሶሞክ አዳራሽ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ቡንሬ ደወለች። ድምፅዋ ያለ ስልክም የሚሰማ ሴት ናት።

«ስሚ አንቺ፣ ያ የላካችሁት ኪምቺ ተበላሽቷል እንዴ?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ለምን ይላሉ?»

«እኛማ ሁለት ሳምንት ሙሉ በልተነዋል፤ የማንም ሆድ አልጮኸም። ዛሬ ግን ያቺ ከደሴት የመጣችው እንግዳችን ጉድ አደረገችን። ልጇ መጣ፤ ቁም ነገረኛ፣ ለአሮጊቶቹ ሁሉ ብርቱካን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ ገባ። ማዕድ አቀረብን። የኪምቺው ሳህን ገና ፊቱ ሳይቀመጥ ከእጄ መነጨቀችው። አሸተተችውና 'አሳማ የማይበላው ነገር ለልጄ ታቀርባላችሁ? ይህን የሠራችው ሴት እጇ ይቆረጥ!' አትልም?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጁ 'እማዬ ተይ፣ የሰው ቤት ነው' ቢላት 'ዝም ብለህ ሩዝህን ብላ' አለችው። በዚያ ጉልበቷ ብድግ ብላ ጣሳውን እየጎተተች ወጣችና ፍጉ ላይ ደፋችው። አመድ አምጥታ ነሰነሰችበት። አመድ! እንደ ሞተ ድመት! እህቷ ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጪ አለቻት፤ ገና በታረቁ በዓመታቸው።»

«ልጁስ ምን አለ?»

«አፈረ እንጂ ምን ይላል። እናቴ ከገዛ እጇ በቀር የማንንም ኪምቺ በልታ አታውቅም፣ ይቅርታ አድርጉላት አለን። ይዟት ወደ ወደቡ ሄደ። ይልቅ ንገሪኝ፣ እውነት ተበላሽቶ ነው?»

ሌላ እንተካላችኋለን አልኳት። ከቻላችሁ ያው የገብሱ ይሁንልን አለች። እሱን እንጃ አልኳት።

ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከበስተጀርባ የመርከብ ጥሩምባና የመንገደኛ ጫጫታ ይሰማል።

«ግብር ሰብሳቢዋ ነሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«ትኬት ሊቆርጥ ሄዷል፤ ቶሎ ስሚኝ። እናንተ ዘንድ ለሌለችው ሴት ንገሪያት። አጥሚቱን የሩዝ ታድርገው፣ እንደ ሰው ሁሉ። ዓሣውን ትተወው፣ ሽሪምፕ ይበቃል። በሽንኩርት ቅጠል አትሰር። የእኔን እጅ ትርሳ። ገባሽ? ያሳየኋትን ሁሉ ትርሳው።»

«ገብቶኛል» አልኳት። በዚህች አንዲት ቃል ደንቡን አፍርሼ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ጨውን እንደፈለገች ታድርግ» አለችና ዘጋችው።

በዚያው ምሽት ተነጋገርን። ወይዘሮ ሚን «የተደፋ ኪምቺ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ዛሬ ደፋችው፤ ነገ ልጇ እግሯ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ምን እንደምትለው ማን ያውቃል?» አለች። ትክክል ናት። ዮንጁም መቅረት እንደምትፈልግ፣ ግን አማቷን ስላመነች እንዳልሆነ ተናገረች፤ «የምቀረው ለሷ ብዬ አይደለም፤ ልጄ ስትጠራ እንድትመልስ ነው» አለች። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ እዚሁ ይሁኑ፣ ፖሊስ መንገዱን ይይ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ይታይ ተባለ። ይህን እስከምጽፍልሽ ድረስ የመጣ ሰው የለም። ሶዳም በማግስቱ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ሦስት ቀን የት ጠፍታ እንደነበር ለጎማ ጠጋኙ ልጅ ምን እንዳለቻት ግን አልነገረችንም።

ዮንጁ አማቷን ይቅር አለች ብለሽ እንዳታስቢ፤ እኔም እንደዚያ አልጻፍኩም። የሶሞኩን ነገር ስነግራት «ያን ሁሉ ጣሳ ደፋችው? ዘጠኝ ዓመት አንድ ቅጠል ስትጥል አይቻት አላውቅም» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ያኔ አንድ ቃል ብትናገርልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ሁለቱንም የተናገረችው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ማኅበሩም ከእንግዲህ ወጥ የሆነ አሠራር አውጥቷል፤ በርበሬውን የሚለውሱት በጎ ፈቃደኞቹ ብቻ ይሆናሉ፣ የመጠለያው ሴቶች ጎመን ያጥባሉ፣ ጨው ይነሰንሳሉ። ዮንጁ ይህን ሰምታ ጥሩ ነው አለች፤ ፊቷ ግን ጥሩ ነው አላለም። ምን ጥልቅ አደረገሽ ላልሽው መልሴ ይህ ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነም የሆነው ይኸው ነው።

ለሶሞክ የሚተካው ባለፈው ቅዳሜ ተሠራ። አዲሱ ደንብ ለሚመጣው ዓመት ነው ብለን ዮንጁን አንድ ጊዜ ተውናት። የሩዝ አጥሚት አበጀች። ሽሪምፕ ጨመረች። ቅጠሉን ጠቅልላ እጇ ወደ ሽንኩርቱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ፤ ሽንኩርቱን ከትፋ ገንዳው ውስጥ ጨመረችው። ሶዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ሳህን ሩዝና ከአዲሱ ኪምቺ ጥቂት ቀረበላት። ጎርሳ አኘከች።

«ይሄ የአያቴ አይደለም» አለች። «የማን ነው?»

ዮንጁ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የእኔ ነው» አለች።

ልጅቷ ጨምሪልኝ አላለችም፤ ሳህኗን ግን ጨረሰች።

እንግዲህ እትዬ፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። ለዲትማር የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን በሞቀ ፎጣ ይያዝ፣ ከባድ ነገር አያንሣ። ዩናን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ፎቶሽን አልጋዋ አጠገብ አድርጋለች በያት። ሉካስን እቀፊልኝ፤ ስኳሩን ቀስ እያልሽ ቀንሺበት። ዶንግሱም ሰላም ብሏል፤ ጀርባው ሲሻለው ራሱ እንደሚጽፍልሽ ነግሮኛል፣ እንዳትጠብቂው። አንቺ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የተለካውን ቁጥር ጻፊልኝ፤ ደህና ነኝ የሚለውን ቃል አልቀበልሽም።

እህትሽ ዬሱክ

ጎሁንግ፣ ደቡብ ጆላ
ዲሴምበር 18 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.